ሁለቱ መዝገቦች፦ አንዱ ዙሪክ ደረሰ፣ ሌላው አዲስ አበባ ቀረ

ከዲቤንዶርፍ፣ ስዊዘርላንድ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የአገራችን ሰው። በዛሬው ዓለም ባንኮችና የሒሳብ ቢሮዎች አዲስ ደንበኛ ከመቀበላቸው በፊት ብዙ ገጽ ባለው ቅጽ የሚመረምሩትን ጉዳይ የእኛ ሰው በአራት ቃላት ጨርሶታል። ሥልጣንና ገንዘብ በአንድ እጅ ሲገናኙ የሕዝብ ሀብት ወዴት እንደሚሄድ እኛ ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። ስለዚህ «አንተ ወይም የቅርብ ዘመድህ ከፍተኛ ሥልጣን ይዛችሁ ታውቃላችሁን? ማዕቀብ ተጥሎባችኋልን? ገንዘባችሁስ ከየት መጣ?» ተብሎ መጠየቁን አንቃወምም። እንዲያውም በየአደባባዩ ስንጮኽበት የኖርነው ይኸው ጥያቄ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ጥያቄው ማንን ይዞ ማንን እንደሚለቅ በዐይናችን ማየታችን ነው።

በዲቤንዶርፍ የገጠመን

ዲቤንዶርፍ ከዙሪክ ጋር ኩታ ገጠም የሆነች፣ በአሮጌው ወታደራዊ አውሮፕላን ማረፊያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ስደተኞች አንዲት አነስተኛ ማኅበር አለችን። ሥራዋ በአገር ቤት በፖለቲካ ምክንያት የታሰሩ ወገኖችን ቤተሰቦች በአቅሟ መደገፍ ነው። ገቢዋም የአባላት ወርኃዊ መዋጮና በዓመት አንድ ጊዜ እንጀራና ወጥ አዘጋጅተን ከምንሸጥበት የእራት ምሽት የሚገኘው ነው። ሒሳቧ በባለሙያ እንዲያዝልን ፈልገን፣ እዚህ አገር «ትሮይሃንድ» ከሚባሉት የሒሳብና የግብር ሥራ ቢሮዎች ወደ አንዱ አመራን።

ባለቤቱ ትሑት ሰው ነበሩ፤ ቡና አቀረቡልን። ከዚያም ቅጹን ዘረጉት። የሥራ አመራሩ አባላት ስም፣ የትውልድ ቀንና አገር፣ የገንዘቡ ምንጭ፣ ገንዘቡ የሚላክበት አገር፣ ከእኛ ወይም ከቤተሰባችን መካከል ባለሥልጣን የነበረ ስለመኖሩ፣ ተከሶ ወይም ተፈርዶበት የሚያውቅ ስለመኖሩ ይጠይቃል። ሁሉንም በእውነት ሞላን። ሰውዬው ስማችንን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተራቸው አስገቡ። በሦስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። ያ ወንድማችን በአገር ቤት ጋዜጠኛ የነበረ፣ በስደት ሳለ በሌለበት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ተከሶ የተፈረደበት ነው። ወንጀሉ ጽሑፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሽብርተኝነት»።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሰን። ሥራውን ለመቀበል ባለመቻላቸው ማዘናቸውን ገልጠው መልካሙን ሁሉ ተመኝተውልናል። ምክንያቱ አልተጻፈም።

እኚህን ሰው ልንወቅስ አልመጣንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የስዊዘርላንድ የማዕቀብ ሕግ ለባንክም ለሒሳብ ሠራተኛም ለነጋዴም እኩል ይሠራል፤ ከባድ ጥሰት ሲሆን ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ሦስት ሠራተኞች ያሉት ቢሮ ለአንዲት ደሀ ማኅበር ብሎ ስሙንና የባንክ ሒሳቡን አደጋ ላይ አይጥልም። ጥያቄያችን ወደ እሳቸው አይደለም። ያ ቃል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዲቤንዶርፍ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ደረሰ? በዚያው መንገድ መምጣት የነበረበት ሌላው መዝገብስ የት ቀረ?

ሁለት አዋጆች፣ ሁለት ዕጣዎች

የኢሕአዴግ አገዛዝ በተከታታይ ዓመታት ሁለት አዋጆችን አወጣ። የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ነው። ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 668/2002፣ የባለሥልጣናት ሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ነው። አንደኛው የ«ሽብርተኞችን» ስም መዘገበ፤ ሌላው የሹማምንቱን ቤት፣ መሬት፣ አክሲዮንና የባንክ ሒሳብ ሊመዘግብ ቃል ገባ።

አንደኛው መዝገብ ወዲያውኑ ሥራ ጀመረ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ ረድፍ አሰልፎ ሽብርተኛ አላቸው። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በእስክንድር ነጋ ላይ የ18 ዓመት እስራት ሲፈረድ፣ በዚያው መዝገብ በስደት ያሉ ጋዜጠኞችም በሌሉበት ተፈረደባቸው። ዜናው በዓለም ተሠራጨ። ሥራቸው የዓለምን ጋዜጦችና የፍርድ ቤት ዜናዎች እየለቀሙ ለባንኮችና ለሒሳብ ቢሮዎች መሸጥ የሆነ ኩባንያዎች ስሞቹን አነሡ። እነዚህ ኩባንያዎች ፍርዱ በምን ዓይነት ችሎት እንደተሰጠ አይመረምሩም፤ ስም፣ አገርና የወንጀል ዓይነት መዝግበው ያስተላልፋሉ።

ሁለተኛው መዝገብ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እጅ ገባ። አዋጁ የተመዘገበው ሀብት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። ነገር ግን አንድ ተራ ዜጋ የሚኒስትሩን ሀብት እንደ ጋዜጣ ገልጦ ሲያነብ አላየንም። ሕዝብ ያላየውን መዝገብ የዙሪኩ ሒሳብ ሠራተኛ ከየት ያገኘዋል? እነሆ፣ ብዕር የያዘው ሰው ዓለም አቀፍ መዝገብ ሲከፈትለት፣ ካዝና የያዘው ሰው በአገሩ እንኳ በግልጽ አልተነበበም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ከዚያስ? በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በምክር ቤት ቆመው ሽብር ሲፈጽም የኖረው መንግሥት እንደነበረ አመኑ። በዚያው ወር የሦስቱ ድርጅቶች የሽብርተኝነት ስያሜ ተነሣ። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው ብርሃኑ ነጋ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ያው አንድ ስም በሒሳብ ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ከ«ወንጀለኛ» ዓምድ ወደ «ባለሥልጣን» ዓምድ ተሻገረ ማለት ነው። አዲሱ አገዛዝም መሣሪያውን አልጣለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሕወሓትንና «ሸኔ» የተባለውን ታጣቂ ኃይል ሽብርተኛ ብሎ፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከስምምነት በኋላ የሕወሓትን ስያሜ አነሣ። በእነዚህ ድርጅቶች ላይ አንባቢ የፈለገውን አቋም ይያዝ፤ እኛ የምንለው በድርድር የሚጣልና የሚነሣ ስያሜ የወንጀል ማስረጃ ሊሆን አይችልም ነው። ሹመት ያገኘው ሰው ዓምዱ ሲቀየርለት፣ ሹመት ያላገኘው የማኅበራችን ጸሐፊ ግን ዛሬም በቀይ ምልክት ሥር ነው።

ወንፊቱ ለእኛ ስም አልተሠራም

ማጣሪያው የሚሠራው በስም ነው፤ ስም ደግሞ በአውሮፓውያን ሥርዓት የቤተሰብ መጠሪያ ነው። የእኛ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ሚኒስትር «በላይ ደስታ» ይባሉ እንበል። ባለቤታቸው «ሣራ ግርማ»፣ ልጃቸው «ዮናስ በላይ»፣ የልጅ ልጃቸው «ናትናኤል ዮናስ» ይሆናሉ። በአንድ ማዕድ የሚበሉ አራት ሰዎች፣ አራት የተለያዩ «የቤተሰብ ስሞች»! ማሽኑ «ደስታ» የሚለውን ሲፈልግ ከሚኒስትሩ ቤት ሌላ አንድም ሰው አያገኝም፤ አባቱ ደስታ የሚባል ምስኪን የአውቶቡስ ሾፌር ግን ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም አምስት ዓይነት መልክ መያዙን ጨምሩበት። የዘመን አቆጣጠራችን ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት መለየቱንና የልደት ቀኑን በትክክል ያልያዘ ስደተኛ ሁሉ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ መመዝገቡንም አስቡ። ስማቸውና ልደታቸው የተመሳሰለ ስንት ንጹሐን ይገኛሉ!

ሕጉ የባለሥልጣን ቤተሰብና የቅርብ ሸሪክም እንዲመረመር ያዛል፤ መልካም። ነገር ግን የኢትዮጵያን ስም የማያነብ ምርመራ ዘመዱን አሳልፎ እንግዳውን ያቆማል። ይህን ለማረም ከባድ ጥበብ አያስፈልግም፤ ሙሉ ስም እስከ አያት መጠየቅ፣ የእናትንና የትዳር ጓደኛን ስም መጨመር፣ የተጠረጠረውን ሰው አነጋግሮ ማጣራት ይበቃል።

ስህተቱ የእኛ ብቻ ዕጣ እንዳልሆነም እንመስክር። የለንደኑ ፊንስበሪ ፓርክ መስጊድ «ወርልድ ቼክ» በተባለው የመረጃ ቋት በሽብርተኝነት ዓምድ ሥር ተመዝግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የባንክ ሒሳቡ ተዘጋ። መስጊዱ ዝም አላለም፤ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 የመረጃ ቋቱ ባለቤት ቶምሰን ሮይተርስ ይቅርታ ጠይቆ 10,000 ፓውንድ ካሳ ከፈለ። የተደራጀ ተበዳይ መዝገብ ማስለወጥ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ትልልቆቹ በየት አለፉ?

እስኪ ዐይናችንን ከዲቤንዶርፍ ወደ ጄኔቭ እንመልስ። ስዊዘርላንድ የፊሊፒንሱን የማርኮስንና የሄይቲውን የዱቫሊዬን ገንዘብ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ሁለቱም ከሥልጣን ከወደቁ በኋላ! የናይጄሪያው አባቻ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሞተ በኋላ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ለአገሪቱ ተመለሰ፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። የሞቡቱ ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ታግዶ የነበረው 7.7 ሚሊዮን ፍራንክ ለኮንጎ ሕዝብ ሳይሆን ለወራሾቹ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላም የወደቁ ገዢዎችን ሀብት ለማገድና ለመመለስ የሚያስችለው ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ጸና። የጄኔቭ ዐቃብያነ ሕግም በሥልጣን ላይ ባለ ቤተሰብ ላይ እጃቸውን ማንሣት ችለው፣ የኢኳቶሪያል ጊኒው ፕሬዚዳንት ልጅ 25 ቅንጡ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2019 በሐራጅ ተሸጡ።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘቡ ከገባ በኋላ የተሠራ ሥራ ነው። ማን አስገባው? ባንክ ብቻውን አላስገባውም። ኩባንያ ያቋቋመ ጠበቃ፣ ደብተሩን ያሰማመረ ሒሳብ አዋቂ፣ «ተመልክተነዋል» ብሎ የፈረመ ኦዲተር ነበረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ይፋ የሆኑት የሉዋንዳ ሰነዶች ይህንኑ አሳዩ። ኢዛቤል ዶስ ሳንቶስ አባቷ አንጎላን ለ38 ዓመታት በገዛበት ዘመን ያካበተችው ሀብት በትልልቅ የአማካሪና የሒሳብ ድርጅቶች ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። እርሷ ጥፋት የለብኝም ትላለች። ባለቤቷ ከአንጎላ መንግሥት የአልማዝ ድርጅት ጋር ገንዘብ ያፈሰሰበት ዴ ግሪሶጎኖ የተባለው የጌጣጌጥ ኩባንያ መቀመጫው እዚሁ ጄኔቭ ነበር፤ ሰነዶቹ በወጡበት ወር መክሰሩን አስታወቀ። ፒደብልዩሲ ለኩባንያዎቿ የሚሰጠውን አገልግሎት ያቋረጠውም ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ለመሆኑ የፕሬዚዳንት ልጅ መሆኗን ለማወቅ ምን ማጣሪያ ያስፈልግ ነበር? አባቷ በአገሪቱ የገንዘብ ኖት ላይ ታትሞ ነበርኮ!

የስዊስ ፓርላማም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ኩባንያና ባለአደራ ድርጅት የሚያቋቁሙ ጠበቆችና አማካሪዎች እንደ ባንክ ደንበኛቸውን እንዲመረምሩ የሚያስገድደውን ሐሳብ ከሕጉ አወጣው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ላላ ባለ መልክ መልሶ አጸደቀው፤ ከእርሱም ጋር የኩባንያ እውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ እንዲቋቋም ወሰነ። መዝገቡ ግን ለሕዝብና ለጋዜጠኛ ዝግ ነው። የባንክ ምስጢር የሚያወጣ ጋዜጠኛም በዚህ አገር እስከ 3 ዓመት እስራት ሊያሰጋው ስለሚችል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የክሬዲ ስዊስ ሰነዶች በዓለም ጋዜጦች ሲታተሙ የስዊስ ጋዜጦች ሳይካፈሉ ቀሩ። ከጋዜጠኛ እስር ቤት ሸሽተን ለመጣን ለእኛ ይህ እንግዳ ዜና አልነበረም።

ማዕቀብ የሚባለው ነገርም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የመንግሥታቱ ማኅበር በፋሺስት ኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀረ፤ የወራሪው ታንክና አውሮፕላን የሚንቀሳቀሰው ግን በነዳጅ ነበር። ስዊዘርላንድም በገለልተኝነት ስም በወራሪውም በተወራሪውም ላይ እኩል የመሣሪያ እገዳ ጣለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ሲናገሩ አገራችን ተይዛ ነበር። ዝርዝር ሁሉ የሚመዘነው ባስቀረው ነገር እንደሆነ የተማርነው ያን ጊዜ ነው።

ሐሜት ሌባ አይዝም

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ዱላው ለሌላው ብቻ አይደለምና። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ በስዊስ ባንክ ቢሊዮን አከማችተዋል ብሎ ለሕዝብ ነገረ። ሕዝቡ አመነ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ያ ገንዘብ ስለመኖሩ ለሕዝብ የቀረበ ማስረጃ የለም። እኛስ ከደርግ ምን ተሻልን? በየድረ ገጹ፣ በየፓልቶኩ የእገሌን ቪላ፣ የእገሊትን የጄኔቭ ካዝና ስንቆጥር ከርመናል። አንዲት ወረቀት ግን ለአንድ ዐቃቤ ሕግ አላቀረብንም።

ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው የዋሽንግተን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት 11.7 ቢሊዮን ዶላር በሕገ ወጥ መንገድ ከኢትዮጵያ ወጥቷል። ይህን አኀዝ ያልጠቀሰ ተቃዋሚ አልነበረም። አኀዙ ግን ግምት ነው፤ የማንንም ስም አይጠራም፣ የትኛውንም የባንክ ሒሳብ አይጠቁም። ሐሜት ንጹሑን ያቆሽሻል፤ ሌባውን ደግሞ «ሁሉም ይታማል» ብሎ እንዲደበቅ ጥላ ይሆነዋል።

የራሳችን ደብተር

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ከምርጫ 97 ወዲህ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በፍራንክፈርትና በዙሪክ ስደተኛው ከጽዳት ሥራና ከታክሲ ገቢው ቆርሶ ለትግሉ አዋጣ። ሴቶች እህቶቻችን የአንገት ሐብላቸውን ለጨረታ አቀረቡ። ስንት ድርጅት በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ አቀረበ? ስንቱስ ድርጅት በገንዘብ ተወቃቅሶ ለሁለት ተሰነጠቀ? ሒሳብ የጠየቀውን ሰው «ሰርጎ ገብ» ብለን ያባረርን እኛው አይደለንምን? እውነት ለመናገር የእኛም ማኅበር ወደ ሒሳብ ቢሮ የሄደችው ከተመሠረተች ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ያ ቅጽ ካስቆጣን በላይ ያሳፈረን፣ አንዳንዱን ጥያቄ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን የማናውቀው በመሆኑ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በፖለቲካ ፍርድ ስማችሁ የተበላሸ ወገኖች ዝም አትበሉ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2023 ጀምሮ የጸናው የስዊስ የመረጃ ጥበቃ ሕግም ሆነ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅና ስህተት ሲሆን የማሳረም መብት ይሰጣችኋል። የስደተኝነት ውሳኔያችሁን፣ ስያሜው መነሣቱን የሚያሳየውን ሰነድ አያይዛችሁ ጻፉ። ማኅበራት በጋራ ቢጽፉ ይበልጥ ይሰማሉ።

ሁለተኛ፣ የሒሳብ ቢሮዎች ፖለቲካዊ ፍርድን ከወንጀል እንዲለዩ እንጠይቅ። ስደተኛን ያስጠጋ መንግሥት አሳዳጁ የጻፈበትን ፍርድ እንደ ማስረጃ ሲቀበል ራሱን ይቃረናል። ምርመራው ይቅር አንልም፤ ሰውን ጠይቆ ይወስን፣ ሲከለክልም ምክንያቱን ይንገር እንላለን።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ያለው ሁለተኛው መዝገብ ይከፈት። በማንም አገዛዝ፣ ዛሬም ነገም፣ እኛ የምንደግፈው ሰው ሥልጣን ቢይዝም እንኳ፣ የሹመኛው ሀብት ሲሾምና ሲሻር ለሕዝብ ይነበብ። ያኔ የዙሪኩ ሒሳብ ሠራተኛ የሚመለከተው ነገር ያገኛል።

አራተኛ፣ ለትግል ገንዘብ የሚሰበስብ ማንኛውም ድርጅት በየዓመቱ የተመረመረ ሒሳቡን ይፋ ያድርግ። የማያደርግ ድርጅት ከእኛ ሳንቲም አይጠብቅ። ማኅበራችን ከዚህ ዓመት ጀምሮ የገቢና ወጪ ደብተሯን ለአባላትና ለጠያቂ ሁሉ ክፍት አድርጋለች፤ በሌላ ከተማ ሊመረምርልን የተስማማ ባለሙያም አግኝተናል። ያ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስተኛውን ስም አይቶ አልደነገጠም፤ «ምን ጽፎ ነው የተፈረደበት?» ብሎ ጠየቀ እንጂ። በዲቤንዶርፍ ያልተጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር።

ቸር ይግጠመን!